የካርት ዓመታትን የዘለለው ጽሑፋችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣ በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ጣሊያናዊው ወጣት የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪ ስለ ኪሚ አንቶኔሊ ያወጣችሁትን ጽሑፍ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን በሞተርና በሻንሲ (በመኪና አጽም) ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች እየተቀባበልን አንብበነዋል። በአማርኛ ስለ መኪና ውድድር ይህን ያህል ቦታ መስጠታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ቅር ያሰኘን አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ካርት በሚባለው ጣሪያ አልባ ትንሽ የውድድር መኪና ላይ ያሳለፋቸውን ዓመታት፣ በትናንሽ መኪናዎች ይጫወት እንደነበር ብቻ ጠቅሳችሁ በአንድ መስመር አለፋችኋቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ተሰጥኦና ዕድል ሆኖ ቀረበ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ፎርሙላ ዋን ላይ የምናየው አነዳድ የሚቀረጸው ካርት ላይ ነው። ካርት ምን እንደሆነ ያልተነገረው ወላጅ ወይ ልጁን ጨርሶ ይከለክላል፣ ወይ እንደነገሩ የተበየደ አደገኛ ነገር ይገዛለታል። ሁለቱንም በዚሁ በሰሜን ሸዋ እያየን ስለሆነ ደብዳቤያችን ቢረዝም ታገሡን።

መጀመሪያ የመንገዱን ልክ እናስቀምጥ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አንቶኔሊ በ2006 ቦሎኛ ተወለደ። በ2020 እና በ2021 በካርት የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወደ ፎርሙላ ዋን የሚያደርሱትን ደረጃዎች ጀመረ፤ በ2022 የጣሊያንንም የጀርመንንም ፎርሙላ 4 አሸነፈ፤ በ2023 የአውሮፓን ፎርሙላ ሪጅናል ወሰደ፤ በ2024 ፎርሙላ 3ን ዘልሎ ፎርሙላ 2 ገባና 6ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2025 መጀመሪያ አውስትራሊያ ላይ በ18 ዓመቱ ለመርሰዲስ ነድቶ 4ኛ ወጣ። እንግዲህ ከካርት ወጥቶ ፎርሙላ ዋን እስኪደርስ ሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ነው የፈጀበት። ካርት ላይ ያጠፋው ጊዜ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ጽሑፋችሁ የዘለለውም ይህንኑ ነው።

ይህ መሰላል በደንብ የተለካ ነው። ፎርሙላ ዋን ለመንዳት ሱፐር ላይሰንስ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ለማግኘት አሽከርካሪው በመደበኛው ደንብ 18 ዓመት የሞላውና በሦስት ዓመት ውስጥ 40 ነጥብ የሰበሰበ መሆን አለበት። በፎርሙላ 2 ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጣ 40 ነጥብ ያገኛል፤ የፎርሙላ 3 ሻምፒዮን 30፣ የአውሮፓ ፎርሙላ ሪጅናል ሻምፒዮን 25፣ የአንድ አገር ፎርሙላ 4 ሻምፒዮን 12። የካርት የዓለም ሻምፒዮን 4 ነጥብ ብቻ ነው የሚሰጠው። ደንቡ እንዲህ የጠበቀው ማክስ ቨርስታፐን በ2015 ገና በ17 ዓመቱ፣ በመደበኛ የውድድር መኪና አንድ ዓመት ብቻ ነድቶ፣ ፎርሙላ ዋን ከገባ በኋላ ነው። ይሁንና ያ ልጅ ባዶ እጁን አልገባም፤ ከ4 ዓመት ተኩሉ ጀምሮ ካርት ነድቶ በ2013 ማርሽ ባለው ካርት የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። አራቷን ነጥብ አይቶ ካርትን የሚንቅ ሰው ይህን ያስተውል።

ገንዘቡን በተመለከተ በአጭሩ እንለፈው። በአውሮፓ አንድ የፎርሙላ 4 የውድድር ዘመን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ይበላል፤ ፎርሙላ 2 ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ። የታዋቂው አሽከርካሪ የሉዊስ ሃሚልተን አባት ለልጃቸው ውድድር ሲሉ በአንድ ጊዜ እስከ አራት ሥራ ይዘው እንደነበር ይታወቃል። ሃሚልተን በ8 ዓመቱ በ1993 መወዳደር ጀምሮ በ1998 በፎርሙላ ዋን ቡድኑ በማክላረን ሥር ባይታቀፍ ኖሮ ያ ሁሉ ልፋት የት ይደርስ እንደነበር መገመት አይከብድም። ከአፍሪካ እስካሁን ፎርሙላ ዋንን ሻምፒዮን ሆኖ ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተር ብቻ ነው፤ እሱም በ1979። ስለዚህ ለደብረ ብርሃን ልጅ ፎርሙላ ዋንን ቃል የሚገባ ሰው ውሸታም ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ ግን እዚሁ በትክክል መሥራት ይቻላል፤ የምንጽፈውም ስለዚያ ነው።

ካርት ሞላ የለውም፣ ሾክ አብዞርበር የለውም፣ ግራና ቀኝ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻልም የለውም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወፍራም አክስል ላይ ታስረው እኩል ይዞራሉ። ዲፈረንሻሉ የተነከሰ አይሱዙ ጠባብ ኩርባ ላይ ጎማውን እየፋቀ እንደሚሄድ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። ካርትም ላይ ያው ነው። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 1.2 ሜትር ቢሆን፣ ግማሽ ክብ በሆነ መታጠፊያ የውጭው ጎማ ከውስጡ 3.8 ሜትር ያህል አስበልጦ መጓዝ አለበት። አክስሉ ግን አይፈቅድለትም። መፍትሔው የውስጡን የኋላ ጎማ ለቅጽበት ከመሬት ማንሣት ነው። የፊት ጎማዎቹ የሚዞሩበት ፒን ወደ ኋላ ዘንበል ያለ በመሆኑ፣ መሪ ሲዞር የውስጡ የፊት ጎማ ወደ ታች ይገፋል፣ የውጭው ወደ ላይ ይሸሻል። ሻንሲው ይጠማዘዝና የውስጡ የኋላ ጎማ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይነሣል። መታጠፊያው ሲያልቅ ተመልሶ ይቀመጣል። ልጁ መሪውን በድንገት ከጠመዘዘ ጎማው ከመጠን በላይ ይነሣና ካርቱ ይዘላል፤ ካመነታ ደግሞ ሳይነሣ ይቀርና ሞተሩ ይታነቃል። ካርት የሚያስተምረው የመጀመሪያው ነገር ይኸው የእጅ ልክ ነው። ፎርሙላ 4 መኪና ዲፈረንሻልም ሞላም ስላለው ስህተቱን ይሸፍንለታል፤ ካርት አይሸፍንም።

በየብየዳ ቤቱ የሚሠሩት ካርቶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ጥሩ የካርት ሻንሲ የሚሠራው 30 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ የክሮም ሞሊብዲነም ቱቦ ነው፤ እንዲጠማዘዝ ተብሎ የተመረጠ ነው። እኛ ጋ ግን ጠንካራ ይሁን ተብሎ በኢንች የውሃ ቱቦ ወይም ባለ አራት ማዕዘን በሆነው ቱቦ ብረት በአርኤችኤስ ይሠራል፤ ላዩ ላይ ሰያፍ ብረት ይጨመርበታል፣ ከሥሩ ደግሞ ላሜራ ዙሪያውን ይበየድበታል። በዚህ ጊዜ ሻንሲው ጠረጴዛ ይሆናል። መሪው ቢዞርም ካርቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ልጁም ጥፋቱ የእሱ እየመሰለው መሪውን አብዝቶ መጠምዘዝ ይለምዳል፤ ያን ልማድ በኋላ ማስተው ከባድ ነው። ላሜራው በብሎን ይያዝ እንጂ አይበየድ። ሰያፍ ብረቱም ይቅር።

ሻንሲው መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጆች በየመንገዱ ሰው የሚመዝኑባትን ዓይነት አራት ተመሳሳይ ሚዛኖች ፈልጉ። ወለሉ ውሃ ልክ ይሁን። አራቱን ጎማ በአራቱ ሚዛን ላይ አሳርፉና ልጁን ሙሉ ልብሱንና ሄልሜቱን አስለብሳችሁ ወንበሩ ላይ አስቀምጡት። ካርቱና ልጁ በአንድነት 110 ኪሎ ቢመዝኑ ፊት ላይ 46 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም ከ40 እስከ 43 በመቶ መሆን አለበት፤ የቀረው ኋላ ይሆናል። ግራና ቀኙ ከአንድ ሁለት ኪሎ በላይ መለያየት የለበትም፤ ሞተሩ በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ ወንበሩ ትንሽ ወደ ግራ የሚገባውም ለዚህ ነው። ወንበሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማድረግ ልዩነቱ ይታያል። ከዚያ መሪውን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው አዙሩት። የውስጡ የኋላ ሚዛን ቁጥር እየወረደ ከሄደ ሻንሲው ሥራውን እየሠራ ነው። ካልተነቃነቀ ወይ የፒኑ ማዘንበል አንሷል፣ ወይ ሻንሲው ደርቋል።

ስንጥቅ መፈለጊያውም ቀላል ነው። ብየዳው ራሱ ብዙ ጊዜ አይሰበርም፤ የሚሰነጠቀው ከብየዳው ጎን በሙቀት የደረቀው ብረት ነው። ቦታውን በናፍጣ ቀቡት፣ ሩብ ሰዓት ተዉት፣ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ናፍጣ ነጩ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። የመሪው መገጣጠሚያና የወንበሩ መያዣ በየሳምንቱ እንዲህ መታየት አለባቸው። የመሪ ብሎኖች ዳዶ ሁሉ በፒን ወይም በሽቦ የታሰረ ይሁን።

ወደ ሞተሩ እንግባ፤ እዚህ ላይ የእኛ አገር ነገር ከሌላው ይለያል። ለጀማሪ የሚሆነው ባለ አራት ምት 196 ሲሲ፣ 5.5 የፈረስ ጉልበት ያለው የሆንዳ ጂኤክስ 200 ዓይነት ነው፤ ሸዋ ሮቢትና ቀወት አካባቢ ሽንኩርት ለማጠጣት ውሃ የሚስበው ፓምፕ ላይ የሚገኘው ያው ሞተር። በብዙ አገር የኪራይ ካርቶችም የሚሠሩበት ነው። ከፓምፕ ላይ አውጥቶ ለካርት መጠቀም ይቻላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የሚወጣውን ዘንግ እዩ። አንዳንዱ የፓምፕ ሞተር ዘንግ ጫፉ ላይ ጥርስ የወጣለት ነው፤ የካርት ፍሪሲዮን የሚገባው ቁልፍ መቀመጫ ባለው ቀጥ ያለ ዘንግ ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፎርሙላ ዋን መወዳደሪያዎች ሁሉ ከፍተኛው የሜክሲኮ ሲቲው ነው፤ እሱም 2,200 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። እዚያ ቡድኖቹ ትልቁን ክንፍ ሰቅለው እንኳ አየሩ ስለሚሳሳ መኪናው እንደልብ አይጫንላቸውም፤ ፍሬኑና ሞተሩም በቶሎ ይግላሉ። ቱርቦ ስላላቸው ግን ጉልበቱን ያካክሱታል። ቱርቦ የሌለው የፓምፕ ሞተር ምን ያካክሰዋል? የእኛ አየር እፍጋቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ሆንዳ ራሱ ለዚህ ሞተር ባዘጋጀው መመሪያ፣ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ተስተካክሎም ቢሆን በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ጉልበት እንደሚቀንስ ይናገራል። ሲሰላ አንድ ሦስተኛው ይሄዳል፤ 5.5 የነበረው 3.7 ያህል ይሆናል። ሞተሩ አረጀ ብላችሁ አትጣሉት።

ካርቡሬተሩ ሳይነካ ከቀረ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በሂሳብ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይበዛል። ምልክቱ ጥቁር ጭስ፣ ከመታጠፊያ ሲወጣ መንተፋተፍ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ነው። የሚለወጠው በካርቡሬተሩ ጽዋ ውስጥ ያለችው ቤንዚን የምታሳልፍ ባለ ቀዳዳ የነሐስ ፍሬ ናት፤ ጄት ይሏታል። ቤንዚኑን ዝጉ፣ ከጽዋው ሥር ያለውን ባለ 10 ብሎን ፍቱ፣ ጽዋው ሲወርድ መሐል ላይ ታገኟታላችሁ። ቁጥሩ ቀዳዳውን በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚገልጽ ከሆነ 8 በመቶ መቀነስ ጥሩ መነሻ ነው፤ 80 ከነበረች 74። ከዚያ ካንዴላውን ማንበብ ነው። ሞተሩን ሙሉ ቤንዚን ሰጥታችሁ ቀጥታው ላይ አስሩጡት፣ ሳታቀዘቅዙ እዚያው አጥፉት፣ ካንዴላውን አውጡ። ቀለል ያለ ቡኒ ከሆነ ልክ ነው። ጥቁር ከሆነ ሁለት ቁጥር ዝቅ አድርጉ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታልና በፍጥነት ወደ ላይ ተመለሱ። የካንዴላው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ሁለት ጥፋቶች በብዛት እናያለን። አንደኛው ጄቷን በሽቦ መጎርጎር ነው። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ሽቦው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት እያለ ጭራሽ ይጨመርለታል። በቤንዚን ዘፍዝፎ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ይበቃል። ሁለተኛው ይበልጥ ይጎዳል። ለደብረ ብርሃን የተስተካከለ ሞተር ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ትንሿ ጄት ግን የምታሳልፈው ቤንዚን ስለማይበቃ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስቶኑ ይነክሳል። ስለዚህ የደጋዋም የቆላዋም ጄት ሁልጊዜ አብረው በሳጥኑ ውስጥ ይኑሩ። በተቃራኒው ከቆላ የመጣ የፓምፕ ሞተር እዚህ ሲያጨስ ቀለበቱ አልቋል ተብሎ ሲፈታ ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ የሚያስፈልገው የአንዲት ፍሬ ለውጥ ሆኖ ሳለ።

ጉልበቱ ሲቀንስ ወጣቶቹ የሚሄዱበት አቋራጭ ዙር መገደቢያውን፣ ጋቨርነሩን፣ ማውለቅ ነው። ይህ ሞተር በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ እንዲሠራ የተሠራ ነው። ገደቡ ሲነሣ ፒስቶኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ይሰበራል፣ ባሰ ጊዜ ደግሞ በራሪው ጎማ የሚባለው ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ከባድ ብረት ሊፈነዳ ይችላል፤ እሱ ያለው ከልጁ ወገብ አጠገብ ነው። ትክክለኛው መንገድ የካቴናውን ጥርስ መለወጥ ነው። ፊት 12 ኋላ 60 ጥርስ ከነበረ ኋላውን 66 አድርጉት። 28 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ጎማ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት ከ38 ወደ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከመታጠፊያ ሲወጣ ግን ካርቱ ይነሣል፣ ፍሪሲዮኑም አይቃጠልም። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታው ከሩቅ ይታወቃል፣ ብረቱም ሰማያዊ ይሆናል። ካቴናው መሐሉ ላይ በጣት ሲጫኑት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይለግብ፤ ሁለቱ ጥርሶች በአንድ መስመር መቆማቸውን በቀጥታ እንጨት አረጋግጡ።

ጎማውን በተመለከተ፦ የጎሚስታ መለኪያ ለአይሱዙ የተሠራ ስለሆነ ካርት ላይ አይረባም። የካርት ጎማ የሚነፋው ከ10 እስከ 15 ፒኤስአይ ባለው ነው፤ ዝቅተኛ ቁጥር በግልጽ የሚያነብ መለኪያ ፈልጉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ጎማው ቶሎ አይሞቅምና በ14 ወይም በ15 ጀምሩ፤ ፀሐይ ስትበረታ ወደ 10 እና 11 አውርዱት። በቀዝቃዛ ጎማ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች የማሞቂያ ብቻ መሆናቸውን ልጁ ይወቅ፤ አብዛኛው መሽከርከር የሚደርሰው በእነዚያ ዙሮች ነው።

አሁን የምንጽፈውን እባካችሁ በትልቁ አትሙት። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ልጅ ሁሉ በሻርፕና በጋቢ ይጠቀለላል። በሚዞር አክስል አጠገብ ሻርፕ ወይም ነጠላ ገዳይ ነው። ጫፉ አክስሉ ወይም ካቴናው ላይ አንድ ጊዜ ከተያዘ በሴኮንድ ውስጥ ተጠቅልሎ አንገት ይስባል፤ ማንም አይደርስለትም። ረጅም ፀጉር ያላት ልጅ ጉንጉኗን ከልብሷ ውስጥ ታስገባና ሄልሜት ታድርግበት። ካቴናው በብረት ሽፋን ይከለል። ሌላው ከደግ ልብ የሚመጣ ጥፋት ቀበቶ ነው፤ ወላጅ ለጥንቃቄ ብሎ ልጁን ከወንበሩ ጋር ያስረዋል። ካርት ላይ ከለላ ብረት ስለሌለ ሲገለበጥ የታሰረው ልጅ ከሥሩ ይቀራል። ስለዚህ በዓለም ላይ ያሉ የውድድር ካርቶች ቀበቶ የላቸውም። የሚያስፈልገው ሙሉ ሄልሜት፣ ጓንት፣ የጎድን አጥንት መከላከያ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና አጠገብ የቆመ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ነው። መከለያው አሮጌ ጎማ ይሁን፤ እርስ በርሱ ሳይታሰር የተደረደረ ጎማ ግን ሲመታ ይበተናል እንጂ አያስቆምም።

ልጁ ምን ይማር? መጀመሪያ ፍሬን። የጀማሪ ካርት ፍሬን የሚይዘው የኋላውን አክስል ብቻ ነው፤ መሪ ታጥፎ ሳለ ከተረገጠ ኋላው ይዞራል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ሳለ በግራ እግር ረግጦ፣ ለቅቆ፣ ከዚያ መታጠፍ። ሁለት ኮን አቁማችሁ በመካከላቸው እንዲያቆም ደጋግሙት። ቀጥሎ መስመር ነው፤ ከውጭ ገብቶ፣ ውስጡን ዘግየት ብሎ ነክቶ፣ ወደ ውጭ መውጣት፤ ዓይን ሁልጊዜ ከጎማው አንድ መታጠፊያ ይቅደም። ለትንሽ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ክንድ ሲዝል ስህተት ይለመዳል። ኋላውን እያንሸራተተ የሚነዳ ልጅ ለተመልካች ፈጣን ይመስላል፣ ሰዓቱ ሲታይ ግን የዘገየ ነው። በስልክ ሰዓት ያዙለት። 10 ዙር ነድቶ በፈጣኑና በዘገየው መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ሴኮንድ እስካልበለጠ ድረስ ፍጥነት ጨምር አይባልም።

ከሁሉ ይልቅ ደብተር ይያዝ። የጄቱ ቁጥር፣ የጎማው ንፋስ፣ የጥርሱ ብዛት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ሰዓቱ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ካርቱ መታጠፊያ ሲገባ፣ መሐሉ ላይና ሲወጣ ምን እንዳደረገ በቃሉ ይናገር። አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ ደግማችሁ ልቀቁት። ጥርሱን በእጁ ለውጦ ልዩነቱን በጀርባው የተሰማው ልጅ፣ ነገ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎርሙላ 4 ወይም 620 ያለው ፎርሙላ 2 ላይ ቢወጣ ከመሐንዲሱ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ አለው። ቡድኖቹ ከልጅ አሽከርካሪ የሚፈልጉትም ይህንን ነው። ሴቶች ልጆችም ከዚህ አይቅሩ፤ በ2023 የተጀመረው የሴቶች ኤፍ ዋን አካዳሚ የሚነዳው በፎርሙላ 4 መኪና ሲሆን አሽከርካሪዎቹ የሚመጡት ከዚሁ ከካርት ነው።

ካርት እስኪገኝ በጌም ቤት መሪና ፔዳል መለማመድ መስመርና የፍሬን ነጥብ ያስተምራል። እንግሊዛዊው ጃን ማርደንቦሮ በ2011 የፕሌይስቴሽን ውድድር አሸንፎ እስከ ለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ደርሷል። የጎማው መንሸራተት በወገብ መሰማቱን ግን ጌም አያስተምርም።

በየቁልቁለቱ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የሚያሽቀዳድሙ ወጣቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ ፍሬን በተደጋጋሚ ሲረገጥ ሸራው ግሎ መያዝ ያቆማል፤ ተሰጥኦ አያድንም። እነዚህን ልጆች ከአስፋልት ለማውጣት የሚያስፈልገው የተከለለ ቦታ ነው፤ በእሑድ ጠዋት ባዶ የሚውል፣ ዙሪያው 400 ሜትር፣ ወርዱ ከ6 እስከ 8 ሜትር የሆነ መስመር የሚወጣለት ግቢ። እንዲህ ያለ ግቢ በከተማችን አለ። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችም በአንድ ካርት ላይ ብየዳን፣ ካርቡሬተርን፣ አላይመንትንና ፍሬንን በአንድነት ሊማሩ ይችላሉ። የሚመለከታቸው የከተማው ኃላፊዎችና የግቢ ባለቤቶች ይህን አይተው እንዲያነጋግሩን በጋዜጣችሁ በኩል እንጠይቃለን።

የቱቦውን ልክ፣ የፒኑን ማዘንበልና የወንበሩን አቀማመጥ የያዘ ንድፍ በእጃችን አለ። ለማተም ከፈቀዳችሁ በነጭ ወረቀት ሠርተን እንልካለን። የሞተሩን ክፍል ስታወጡ ግን የጄቱ ቁጥር ለደብረ ብርሃን ከፍታ የተሰላ መሆኑን ከሥሩ ጻፉበት፤ ሸዋ ሮቢት ያለ አንባቢ እንዳለ ወስዶ ሞተሩን እንዳያቃጥል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞተርና የሻንሲ ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ